ታችኛው አሥራ አንድ

ሰውየው ከሥራ ሲመለስ በቀጥታ ወደ ቤት አይገባም። ግቢው ጥግ ካለው ቧንቧ ሥር ቆሞ መጀመሪያ ቦት ጫማውን፣ ቀጥሎ ቱታውን ያወልቅና አጥሩ ላይ ይሰቅላል። ከዚያ እጁን እስከ ክርኑ፣ እግሩን እስከ ጉልበቱ፣ ፊቱን እስከ ጆሮው ጀርባ ድረስ በልብስ ሳሙና ይፈትጋል። አንድ ጊዜ አይበቃውም። ሁለቴ ታጥቦ እጁን ያሸታል፤ ካልረካ ሦስተኛውን ይጀምራል። ሚስቱ በመስኮት ብቅ ብላ «አንተ ሰው፣ ቆዳህን ልትገፈው ነው እንዴ?» ትለዋለች። «ቢገፈፍልኝ በወደድኩ» ይላታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በጋ ከክረምት፣ ይህ ነገር አንድ ቀን እንኳ ተጓድሎ አያውቅም።

የሥራ ጓደኞቹ ዋና ስሙን ከረሱት ቆይተዋል፤ «ጋሼ ሳሙና» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣለት የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ነው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ዝንብ ስላረፈበት ብቻ አንድ ሙሉ ዳቦ ለውሻ ሲወረውር አየውና «ይሄ ሰውዬ እኮ ሲሞት እንኳ የሚገንዘውን ሰው ተነስቶ ታጠብ ሳይለው አይቀርም» አለ። ሁሉም ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ነገሩ ትክክል መሰለው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ጥዩፍ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የጣለው ማን እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው። መታወቂያው ላይ «የመንገድ ጥገና ሠራተኛ» ተብሎ ተጽፏል፤ በግልጹ ሲነገር ግን ሌላው የጣለውን አንሺ ማለት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ የኪሎ ሜትር ድንጋዮችን ኖራ ይቀባል፣ ቁጥራቸውን በጥቁር ቀለም ያደምቃል። በቀረው ጊዜ የተዘጋ ቦይ ይከፍታል፣ የተገጨ ውሻ ያነሳል፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች ላለመቆም ብለው ሸንተው በመስኮት የወረወሯቸውን ጠርሙሶች ይለቅማል። ጠርሙሶቹ ፀሐይ ሲመታቸው ያብጣሉ። ክዳናቸው የላላ እንደሆነ ደግሞ ሲያነሷቸው እጅ ላይ ይፈሳሉ። ሰው ሁሉን ይለምዳል ይሉታል። እሱ ግን አልለመደም፤ የመጀመሪያው ጠርሙስ እንዳቅለሸለሸው የዛሬውም ያቅለሸልሸዋል።

መንገዱ በወረቀት «ቅርንጫፍ አውራ ጎዳና» ይባላል። ሕዝቡ «ዞሮ ገጠም» ይለዋል፤ ከዋናው መንገድ ዱቄት ፋብሪካው ጋ ይገነጠልና ከተማውን በስተጀርባ ዞሮ በሲሚንቶ መጋዘኑ በኩል ከዚያው ከዋናው መንገድ ጋር ይገጥማል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ያን ጊዜ ከባድ መኪና ሁሉ በመሀል ከተማ ነበር የሚያልፈው፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ጭስ ይተፋል፣ የሰው ግድግዳ ያፈርሳል። ስለዚህ ዙሩ ይሠራ ተባለና ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር ተለካ። ሲለካ የሜትሩን ጫፍ ይዞ ከቀያሹ ፊት ፊት የሮጠው ያኔ ገና ትኩስ ጎልማሳ የነበረው ጋሼ ሳሙና ነው። ከዱቄት ፋብሪካው ወዲያ እስከ ኮረብታው ሥር ድረስ ሣር ብቻ ነበር። እዚያ ሣር ላይ በጀርባው ተጋድሞ ዳቦውን ሲገምጥ ትዝ ይለዋል። ዛሬ በዚያ ቦታ በጀርባው የሚጋደም ሰው ቢኖር የሞተ ብቻ ነው።

ከተማው መንገዱን ባገኘ ማግስት የሚጠየፈውን ሁሉ ወደ መንገዱ ዳር ገፋው። መጀመሪያ ቆዳ ፋብሪካው መጥቶ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ተተከለ። ቀጥሎ የከተማው ቆሻሻ መድፊያ ሰባተኛው ላይ ከመንገዱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጠመ። ከዚያ ቄራው መጣ፤ ደም ያለበትን ውሃ በቱቦ ወደ ታች ወደ ረግረጉ ለቀቀው። ከመሀል ከተማ ውጣ የተባለ ሽታ ሁሉ አድራሻው ዞሮ ገጠም ሆነ። በዚያ ሽታ የከበሩት ሰዎች ቤታቸው ከዚያ ራቅ ያለ ነው፤ መኪናቸውም ሲያልፍ መስኮቱ ዝግ ነው።

የመንገዱ ዋና ጉድ ግን ኩርባው ነው። በፕላኑ ላይ መንገዱ ከአሥራ አንደኛው ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ የፍራፍሬ እርሻ መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ቀጥ ብሎ ማለፍ ነበረበት። እርሻው የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ምክትል ኃላፊ አማት ንብረት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሠራተኞቹ ሲመጡ እርሻው ውስጥ የተተከሉት ችካሎች ሁሉ ተነቅለው፣ እንደ ማገዶ ታስረው መንገድ ዳር ተቀምጠው አገኟቸው። ቀያሹ አንገቱን ደፍቶ «በታች በኩል እንዙር ተብሏል» አለ። በታች በኩል ረግረግ ነው። መንገዱ ወደ ረግረጉ ወረደ፣ በጠባቡ ተጠማዘዘ፣ ተመልሶ ወጣ፤ የሰውየው ብርቱካን እንዳይነካ ሲባል ሦስት ኪሎ ሜትር ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እዚያ ኩርባ ላይ መኪና ሲገለበጥ ጋሼ ሳሙና ስብርባሪውን እየጠረገ በልቡ ያንን ብርቱካን ይረግማል። በሕይወቱ ብርቱካን አይበላም፤ ሲያየው ይቀፈዋል።

ኩርባው ሌላም ጣጣ አመጣ። የኪሎ ሜትር ድንጋዮቹ ገና ከመጀመሪያው ከአንድ እስከ ሃያ ሦስት ተሠርተው ግምጃ ቤት ተደርድረው ነበር። አሁን ሦስት ጎደለ። ሲሚንቶው የሚፈስባቸው፣ ቁጥር የተቀረጸባቸውን የእንጨት ሳጥኖች ደግሞ ዘበኞቹ በብርዱ ጊዜ አንድደዋቸዋል፤ የተረፉት የዘጠኝ፣ የአሥርና የአሥራ አንድ ሳጥኖች ብቻ ናቸው። በእነሱ ሦስት ድንጋይ ወጣ። ጋሼ ሳሙና ድንጋዮቹን ሲያይ ግራ ገባውና መሐንዲሱን ጠየቀ።

«ጌታዬ፣ አሥራ አንድ እኮ ላይ ተተክሏል።»

«ድገመዋ!»

«ሁለት አሥራ አንድ ሊሆን ነው?»

«ስማ፣ ሃያ ስድስት ብለን ብንጽፍ ሦስቱ ከየት መጣ ሊሉን ነው። ወረቀቱ ሃያ ሦስት ይላል፣ ሃያ ሦስት ይቆጠራል። ድንጋይ ምን ያወራል? ትከል!»

ጋሼ ሳሙና ግምጃ ቤት ፈርሞ ሦስቱን ድንጋዮች ተረከበና ተከላቸው። ስለዚህ ዞሮ ገጠምን ከዱቄት ፋብሪካው የጀመረ ሰው ዘጠኝን፣ አሥርን፣ አሥራ አንድን ያልፍና ኩርባው ውስጥ እንደገና ዘጠኝን፣ አሥርን፣ አሥራ አንድን ያገኛል፤ አሥራ ሁለት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሾፌር ድንጋይ አይቆጥርምና ማንም ልብ አላለውም። የሚያውቁት የጥገና ሠራተኞቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም «ላይኛው አሥራ አንድ»፣ «ታችኛው አሥራ አንድ» እያሉ መጠራሪያ አድርገውት ቀሩ። የላይኛው እርሻው አፋፍ ላይ ነው፣ ነፋሻ ነው። የታችኛው የቄራው ቱቦ አፍ ላይ ነው። ክረምት ክረምት ድንጋዩ ወገቡ ድረስ በዚያ ውሃ ይዋጣል፤ ጋሼ ሳሙና ኖራ ሊቀባው ሲሄድ ስብና ፀጉር ከላዩ ላይ በአካፋ ይፍቃል። ሎሚ አፍንጫው ሥር አሽቶም ቢሆን ሽቅብ ሽቅብ ይለዋል።

ሴት ልጁ የተወለደችው መንገዱ በተመረቀ ዓመት ነው። ገና አራስ ቤት ሳለች፣ ታጥቦ ታጥቦ ሊያቅፋት ሲል እጁ ላይ ሽታው ሽው ያለ መሰለውና መልሶ አስተኛት። የዚያን ዕለት ለሚስቱ «ይሄ መንገድ እዚህ ቤት አይገባም» አላት። ቃሉን ጠበቀ። ልጅቷ አድጋ «አባዬ፣ ዛሬ ምን አየህ?» ስትለው «ምን ይታያል፣ አስፋልት ነው» ይላታል። የራሱ ኩባያ አለው፣ ሌላ ሰው አይጠጣበትም፤ ሰዎቹን ከእሱ ለመጠበቅ ነው እንጂ እሱን ከሰዎቹ ለመጠበቅ አልነበረም። ልጁ ተምራ አምቡላንስ ጣቢያ በስልክ ተረኛነት ስትቀጠር ደስታውን አልቻለውም። ሄዶ አየው፤ ነጭ ግድግዳ፣ መስታወት፣ በመዓዛው ብቻ ሰው የሚፈውስ ወለል። «ንጹህ ሥራ ነው የኔ እናት» አላት፣ እንባው እየመጣ።

የዚያኑ ዓመት መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሰሌዳ በዞሮ ገጠም ዳር አስተከለ። «አደጋ ሲያጋጥም ይደውሉ። በአቅራቢያዎ ያለውን የኪሎ ሜትር ድንጋይ ቁጥር ይናገሩ» ይላል። የተከለው እሱ ነው። ታችኛው አሥራ አንድ ጋ ሲደርስ ዶማውን መሬት ሰክቶ ለአፍታ ቆመ። ለፎርማኑ «ይሄ ነገር አይሆንም እኮ፣ ሁለት ናቸው» አለው። ፎርማኑ አፍንጫውን እንደያዘ «ቶሎ ትከልና እንሂድ፣ እባክህ» አለ። ተከለና ሄዱ። ማታ ልጁ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣ ነበር። ሊነግራት ይችል ነበር፤ ግን ታጥቦ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ በአንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ ጡብ የጫነ መኪና ኩርባው ላይ ተገለበጠ። ከሾፌሩ ጋር የነበረው ወንድሙ ከመስታወቱ ሥር ወጥቶ ደወለ። «አሥራ አንድ ቁጥር ድንጋይ አጠገብ ነን፣ ወንድሜ እየደማ ነው» አለ። ስልኩን ያነሳችው የጋሼ ሳሙና ልጅ ናት። አሥራ አንድ ብላ ጻፈች፣ መኪና ላከች። የአምቡላንሱ ሾፌር ከዱቄት ፋብሪካው ገብቶ አሥራ አንድ ጋ ቆመ። ብርቱካን፣ ወፍ፣ ባዶ አስፋልት። ጥሩምባ ነፋ፣ ጠበቀ፣ በሬዲዮ «ምንም የለም፣ የቀልድ ስልክ ነው» አለ። የቀልድ ስልክ ደግሞ በቀን አሥር ጊዜ ይመጣል። ልጅቷ ደግማ ብትደውል ስልኩ አልተነሳም፤ ወንድምየው በሁለት እጁ ቁስሉን ይዞ ነበር። አምቡላንሱ ተመለሰ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ደወለ፤ ሲደርሱለት ሰውየው ደሙ አልቆ ነበር።

ወንድምየው ጣቢያው ድረስ መጥቶ ጮኸ። «ድንጋዩን በዓይኔ እያየሁ ነው የነገርኳት!» አለ። የአምቡላንሱ ሾፌር ደግሞ «አሥራ አንድ ላይ ቆሜያለሁ፣ ነርሷ ምስክሬ ናት» አለ። ሁለቱም እውነት ሊሆን አይችልም ተባለ። ስለዚህ ጥፋቱ ወደ ልጅቷ ዞረ፤ ቦታውን አላጣራችም፣ ያልተነገራትን ጽፋለች ተብሎ ከሥራ ታገደች፣ ጉዳይዋም በሳምንቱ በኮሚቴ ሊታይ ተቀጠረ።

ቤት መጥታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ምግብ እምቢ አለች። እናቷ ስትለምናት ግድግዳውን ታያለች። ጋሼ ሳሙና ታጥቦ ሲገባ ቀና ብላ አየችውና ቀስ ብላ «አባዬ፣ ምናልባት አሥራ አራት ብሎኝ ይሆን?» አለችው። «አሥራ አንድ ያለኝ ይመስለኛል። ግን ከመሰለኝ እኮ አላውቀውም ማለት ነው። ሰው ገደልኩ አባዬ።»

አሥራ አንድ እንዳለሽ እኔ አውቃለሁ፣ ድንጋዩን የተከልኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረበት። እሱ ግን ወደ ቧንቧው ተመልሶ ወጣና የታጠበ እጁን ደግሞ ያጥብ ጀመር። ሚስቱ ከኋላው መጥታ ቆመች።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«ምንም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው አራት ጊዜ አይታጠብም» አለችና ሳሙናውን ከእጁ ነጥቃ ገባች።

በማግስቱ በመጀመሪያ የሄደው መንገድ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቢሮ ነው። ኃላፊው በዕድሜ የልጁ እኩያ ነው፤ ለወንበሩ ያበቃውም ያኔ ምክትል ኃላፊ የነበረው የባለ ብርቱካኑ ሰው አማች ነው። ጋሼ ሳሙና ከምንጣፉ ውጪ ቆሞ ነገሩን አስረዳ፤ ሁለት አሥራ አንድ መኖሩን የሚገልጽ አንዲት ወረቀት ብቻ ለመነ። ኃላፊው ፋይል አስመጥቶ ገለጠ።

«መንገዱ ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፣ እርስዎ። ሃያ ሦስት ድንጋይ አለው።»

«ሄደው ይቁጠሩታ።»

«ምን ቆርጦኝ እዚያ ሽታ ውስጥ እገባለሁ?» አለና ሳቀ። ከፋይሉ መሀል አንዲት ቢጫ ቁራጭ ወረቀት አወጣ፤ የግምጃ ቤቱ መረከቢያ ናት። ፊርማውን በጣቱ አሳየው። አንቱታውም እዚያው ላይ አለቀ። «ይሄ የማን ፊርማ ነው? ሦስት ድንጋይ ተቀብለህ በራስህ ጊዜ የተከልክ አንተ ነህ። ሦስት ወር ቀርቶህ ጡረታ ልትወጣ፣ ምነው አርፈህ ብትቀመጥ? ስትወጣ በሩን ዝጋው፣ ሽታ አመጣህብኝ።»

ጋሼ ሳሙና በሩን ሳይዘጋ ወጣ። ደሙ ፈልቶ ነበር። በመንገድ ላይ ሲያስበው ግን ያስጠላው ሰውየው ብቻ አልነበረም። ሰውየው አፍንጫውን ይዞ ሃያ ሦስት ይላል፤ እሱም ሃያ ስድስት ዓመት አፍንጫውን ይዞ ዝም ብሏል። ልዩነታቸው ሳሙና ብቻ ነው። ይህ ሲገባው መንገድ ዳር ቆሞ አስመለሰው።

ቤቱ ሲደርስ ቧንቧው ጋ አልቆመም። ቦቱን እንዳደረገ፣ ቱታውን እንደለበሰ ሳሎን ገባ። ሚስቱ የወለሉን ጭቃ አይታ አፏን ልትከፍት ስትል ፊቱን አየችና ተወችው። ልጁ ከመኝታ ቤት ወጣች። እንደቆመ ነገራት፤ ብርቱካኑን፣ ሳጥኖቹን፣ መሐንዲሱን፣ ሰሌዳውን። ምንም አላስቀረም።

ልጅቷ አልጮኸችም። «ስንት ዓመት ነው የምታውቀው?» አለች።

«ሃያ ስድስት።»

«እኔስ እዚያ ስልክ ላይ ከተቀመጥኩ?»

«ሦስት።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ሻይ ጠጥተሃል።» እጁን አየችው። «መንገዱ ላይ እንደምትሠራ ነው እንጂ መንገዱ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን ነግረኸኝ ታውቃለህ?»

«እንዳያቆሽሽሽ ብዬ ነው።»

«አቆሸሸኝ እኮ» አለችው።

ዓይኗን ያውቀዋል። ሾፌሮቹ የሚጥሏቸውን ጠርሙሶች የሚያይበት የራሱ ዓይን ነው።

ኮሚቴው ፊት አብረው ቀረቡ፤ በመንገድ ላይ ግን አንድ ቃል አልተነጋገሩም። የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽር ያደረገች፣ ፊቷ የማይነበብ ሐኪም ናት። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊም ተጠርቶ ፋይሉን ታቅፎ መጥቷል። ጋሼ ሳሙና የሚለውን አለ። ኃላፊው ቢጫዋን ወረቀት እያውለበለበ «ይኸው ፊርማው! ያለ ፈቃድ የተከለው ራሱ ነው!» ሲል ሰብሳቢዋ አቋረጠችው።

«ማን ተከለው አላልኩም። ስንት ናቸው ነው ያልኩት።»

«በወረቀት...»

«መኪና ይቅረብ» አለች።

በአንድ ሚኒባስ ታጭቀው ሄዱ። ላይኛው አሥራ አንድ ጋ ወርደው ድንጋዩን አዩ፤ ጋሼ ሳሙና ከቁጥሩ በስተግራ ያለችውን ጠባሳ በጣቱ አሳያቸው፤ የሳጥኑ እንጨት አንጓ ነበረበት፣ የወጣው ድንጋይ ሁሉ ያቺን ጠባሳ ይዞ ወጥቷል። ከዚያ ወደ ኩርባው ወረዱ። ሽታው ከዝግ መስኮት አልፎ ገባ። የኮሚቴው የሕግ ሰው መሐረቡን አፍንጫው ላይ ለጠፈ። ኃላፊው «ከመኪና ሳንወርድ ብናየውስ?» አለ።

«ከመኪና አይታይም» አለ ጋሼ ሳሙና። «እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ወርጃለሁ፤ እርስዎ አንድ ቀን ይውረዱ።»

ወረዱ። ከቱቦው አፍ ቀይ ቡናማ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ላዩ ላይ ስብ ረግቶ ዝንብ ወሮታል። የሕግ ሰው ሁለት እርምጃ ሄዶ ጀርባውን ሰጠና አስመለሰ። ኃላፊው በነጭ ጫማው ጫፍ ጫፉን እየረገጠ ቆይቶ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ። ሰብሳቢዋ ግን ጎንበስ ብላ ድንጋዩን አየች። አሥራ አንድ። ከቁጥሩ በስተግራ ያችው ጠባሳ። ከድንጋዩ ሦስት እርምጃ አልፎ የጡብ ስብርባሪና ጠቁሮ የደረቀ ነገር አስፋልቱ ላይ ነበር። ልጅቷ ያንን አየች፣ ድንጋዩን አየች፣ አፍንጫዋንም አልያዘችም። «አሥራ አንድ ነው ያለኝ» አለች፤ ለማንም አልነበረም። ከዚያ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ጋሼ ሳሙና እጁን ሊዘረጋላት አስቦ ተወው።

ልጅቷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። መንገድ መሥሪያ ቤቱም በበኩሉ ስህተቱን አረመ። ያረመበትን መንገድ የሰማ ሰው ግን ይተፋል። «የመንገዱ ርዝመት ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር በመሆኑ፣ በትርፍነት የተተከሉት ሦስት ድንጋዮች በአስቸኳይ ይነሱ» የሚል ደብዳቤ ወጣ፤ ከሥሩ ለጋሼ ሳሙና ማስጠንቀቂያ ተያይዟል። የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ደብዳቤውን ጮክ ብሎ ካነበበ በኋላ «እና ኩርባው ራሱ ይነሳ አይሉም?» አለ። ጋሼ ሳሙና እንደታዘዘው ሦስቱንም ቆፍሮ አወጣ። አሁን ሁለት አሥራ አንድ የለም። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ድረስ አራት ኪሎ ሜትር ሆነ፤ መኪና የሚገለበጥበት ያ ሁሉ ኩርባ አንድም ድንጋይ ሳይኖረው ቀረ። ሰሌዳዎቹ ግን እዚያው ቆመው በአቅራቢያዎ ያለውን ቁጥር ይናገሩ ይላሉ።

ልጅቷ አባቷን ካናገረችው ሁለት ሳምንት አልፎ ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደብተር ይዛ መጣችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ከመጀመሪያው ጀምር» አለችው።

«ምኑን?»

«መንገዱን። ድንጋይ ካላዩ ምን ያያሉ? እዚያ ቢቆም ሰው በምን ያውቀዋል?»

አሰበ። ከዚያ አፍሮ፣ ወደ መስኮቱ እያየ «በሚሸተው» አላት። «እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ብሄድ የት እንዳለሁ አውቃለሁ።»

«እሺ፣ ንገረኝ።»

ነገራት። አንደኛው ላይ የሻገተ ፉርሽካ። ከሦስተኛው ጀምሮ ጉሮሮ የሚከረክር የቆዳ ኬሚካል፣ አራተኛው ላይ ዓይን ያስለቅሳል። ሰባተኛው ላይ የቆሻሻ ጭስ፣ የተቃጠለ ላስቲክ። ላይኛው አሥራ አንድ ምንም፣ ትንሽ የብርቱካን አበባ። ኩርባው ሲጀምር የረግረግ ጭቃ። ኩርባው መሀል ያደረ ደም። ታችኛው አሥራ አንድ ላይ ደምና የበሰበሰ ስብ፣ ምላስ ላይ የሚቀር። አሥራ አራተኛው ላይ... እንዲህ እያለ እስከ ሲሚንቶው አቧራ ወሰዳት። ያን ያህል በአንድ ጊዜ ተናግሮ አያውቅም። ሚስቱ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ትሰማለች፤ አንዳንዱ ላይ «ኧረ በስመአብ!» ትላለች። ልጅቷ አንገቷን ሳታቀና ጻፈች።

የመጨረሻው የሥራ ቀኑ ሐሙስ ነበር። ቱታውን እንደለበሰ፣ ሳይታጠብ፣ በአምቡላንስ ጣቢያው በኩል አለፈና በሩ ላይ ቆመ። ነጩን ወለል አይቶ ሊመለስ ሲል ልጁ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ግባ። ገብቶ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስልኩ ጮኸ።

«አምቡላንስ ጣቢያ ነው። ዞሮ ገጠም ላይ? ድንጋይ አይታይም? ግድ የለም እህቴ፣ አትደንግጪ። ምን ይሸትሻል?»

ከወዲያ ያለችው ሴት ቀልድ መሰላት።

«እየቀለድኩ አይደለም። ንፋሱን ሳቢው። ጭስ ነው? ቆዳ ነው? ደም ደም ይላል፣ የበሰበሰ ስብ?»

ሴትዮዋ አዎ አለች መሰለ። ልጅቷ ሬዲዮውን ብድግ አድርጋ «ታችኛው አሥራ አንድ፣ ከሲሚንቶው በኩል ግቡ፣ ይቀርባችኋል» አለች። ግቢው ውስጥ ሞተር ተነሳ፣ መኪናው እየጮኸ ወጣ።

ከዚያ ዞር ብላ አባቷን አየችው፣ የራሷን ኩባያ አንስታ ሻይ ቀዳችበትና በዚያ ባልታጠበ እጁ ላይ አኖረችለት።